ላንድሮቨርና ታርጋዋ፦ ታሪካዊ ተሽከርካሪን ስለ መመዝገብ ከመንዝ ደጋ የቀረበ ሐሳብ

(በመሐል ሜዳ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። የታሪክ መምህር ስለ መሳፍንት፣ ስለ ገዳማት ወይም ስለ ጓሳ ሣር አጠባበቅ ይናገር እንጂ ስለ መኪና ታርጋ ምን አገባው የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ጥያቄዬ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። አንዲት መኪና ታሪክ የምትሆነው መቼ ነው? ታሪክ ከሆነችስ በኋላ በመንገድ ላይ እንድትሄድ ሊፈቀድላት ይገባልን?

መኪና ወደ አገራችን የገባችበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘችውን መኪና ይዞ ከጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው፣ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክም ያቀረበው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ብዙኃኑ ግን መኪናን የለመደው ከዚያ ቆይቶ ነው፤ በተለይም የኢጣልያ ወራሪ ጦር መንገድ ሲጠርግ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው መሿለኪያ፣ ሁለቱም የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ወራሪው ሲባረር ቃላቱ ቀሩ። ታርጋ፣ ቦሎ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ባሌስትራ፣ መኪና የሚለው ስም ራሱም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሕጋችን «ሰሌዳ» ይላል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «ታርጋ» ነው የሚለው። የባለቤትነት ደብተሩን «ሊብሬ» እንለዋለን። ስለዚህ በዚህ ንግግር ውስጥ ታርጋና ሊብሬ ብል አድማጭ አይከፋብኝ፤ ቃላቱም ቅርስ ናቸው።

አሁን ወደ ውጭው ዓለም ልሻገር። አሮጌ መኪናን በልዩ ታርጋ መመዝገብ በብዙ አገሮች የታወቀ ሥርዓት ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላት፣ ይዞታዋም በባለሙያ ተመርምሮ የጸደቀ መኪና፣ በታርጋዋ መጨረሻ ላይ አንድ የተለየ ፊደል ይጨመርላታል። ግብሯ በሞተር መጠን ሳይሆን በቁርጥ ይሆናል፤ ጢስ በሚከለከልባቸው የከተማ ክልሎችም ትገባለች። በብሪታንያ 40 ዓመት ያለፋት መኪና ከዓመታዊ የመንገድ ግብር ነጻ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገባት ከዓመታዊ ምርመራም ነጻ ሆናለች። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ይደነግጋል። በፔንሲልቬንያ የጥንታዊ መኪና ታርጋ ያለው ሰው መኪናውን ለግል ጉዳዩ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ እንዳይነዳ ተወስኗል። በቨርጂንያ ወደ ዐውደ ርእይና ወደ ሰልፍ መንዳት ይፈቀዳል፤ ለመዝናናት ከሆነ ግን ከባለቤቱ ቤት 250 ማይል፣ ማለትም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳትርቅ ነው፤ በየቀኑ ወደ ሥራ መመላለሻ ማድረግ ክልክል ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ደንብ ዕድሜውን ወደ 50 ዓመት ከፍ አድርጋ ለመደበኛም ሆነ ለንግድ አገልግሎት መንዳትን ከልክላለች።

የነዚህ ሁሉ ሕጎች አስተሳሰብ አንድ ነው። መንግሥት ለባለቤቱ «ግብር እቀንስልሃለሁ፣ በአዲስ መኪና መለኪያም አልፈትንህም፤ አንተ ደግሞ ጥቂት ብቻ ንዳ» ይለዋል። ውል ነው። የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንም ታሪካዊ መኪና ሲል ቢያንስ 30 ዓመት የሞላት፣ ከጥንት መልኳ ያልወጣች፣ የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነች ማለቱ ነው። ውሉ ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው ጡረታ ለወጣች መኪና ነው። ባለቤቷ ሌላ መኪና አለው፤ እርሷን እሑድ ከጋራዥ አውጥቶ አጥቦ፣ ፀሐይ አሙቆ ይመልሳታል።

የእኛስ? በአገራችን በተለመደው አሠራር ኮድ 1 የታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ነው፤ የእርዳታ ድርጅት፣ የዲፕሎማት፣ የተላላፊ ታርጋም አለ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለታሪክ የተለየ መደብ የለም። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የ60 ዓመቷም የ2 ዓመቷም መኪና ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎ ትለጥፋለች። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በበኩሉ ለሚንቀሳቀሱ ቅርሶች ምዝገባ በር ይከፍታል። ሁለቱ አዋጆች ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ አንዱ መኪናዋን እንደ ማሽን፣ ሌላው ቅርስን እንደ ሙዚየም ዕቃ ያያል።

በዚህ መካከል የሚድኑት የቤተ መንግሥት መኪኖች ብቻ ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኪኖች ተጠብቀው ለሕዝብ መታየታቸው ደስ ያሰኛል። ይሁንና ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በእነዚያ ባማሩት መኪኖች አልነበረም፤ በተራ ቮልስዋገን ነበር። የታሪክ ምስክር ለመሆን ዋጋም ውበትም መስፈርት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የመንዝ ምስክር ላንድሮቨር ናት። እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለዓለም የታየችው ይህች መኪና ለእርሻ የተሠራች ነበረች። አካሏ ከአሉሚንየም ቅይጥ ስለሆነ ዝገት አይበላውም፤ ከሥር ያለው የብረት ሻንሲ ግን ይበላል። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደዚህ በሚመጣው ደጋ መንገድ፣ ጭቃና ጉም በበዛበት ክረምት፣ ሌላ መኪና በሚቆምበት እርሷ ታልፍ እንደነበር በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታላላቆች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ነፍሰ ጡርም፣ የታመመም፣ ባናና ዝተት ይዞ ወደ ገበያ የሚሄድም፣ ሬሳም ተጭኖባታል። እንግዲህ የሕንድን ወይም የፔንሲልቬንያን ደንብ እንዳለ ገልብጠን ብናመጣ፣ ይህቺው መኪና ለንግድ ስለሠራች ከታሪክ መዝገብ ትወጣለች። ታሪኳ ግን መሥራቷ ነበር። የሥራ ገደቡ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሊጠብቅ የተጻፈለትን ነገር ይሽራል።

ይህን ስል አሮጌ መኪና እንደ ልብ ትነዳ ማለቴ አይደለም። የ1950ዎቹ ላንድሮቨር ፍሬን ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንዲት ቧንቧ ከፈሰሰች አራቱም ጎማ ይከዳል። ከኋላ የሚቀመጡት ሰዎች ጎን ለጎን ተፋጥጠው ያለ ቀበቶ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለውን ቁልቁለት ለማታውቁ መግለጽ ይቸግራል፤ ለምታውቁ ደግሞ አያስፈልግም። እኔ የሚጻፈው ሕግ በዚያ ቁልቁለት ላይ በእንዲህ ያለ መኪና በክፍያ ሰው መጫንን ፈጽሞ ቢከለክል እደግፋለሁ፤ የሰው ነፍስ ከቅርስ ይበልጣል። ገደቡ ግን ከአደጋው ይነሣ፤ ከባለቤቱ ሀብት ወይም ከመዝናኛ ልማድ አይነሣ። በወረዳው ውስጥ፣ በዝግታ፣ ገብስና ሱፍ ጭና ብትሄድ ማንን ትጎዳለች?

የምርመራው መለኪያም እንዲሁ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር በዚህ ከፍታ አየር ስለሚያጥረው ከጉልበቱ ሢሶ ገደማ ያጣል፤ ቤንዚኑም ከአየሩ በልጦ ጢሱ ይጠቁራል። ጥፋቱ የተራራው ሲሆን ቅጣቱ የመኪናዋ ይሆናል።

ጥንተ መልክን ስለ መጠበቅ ደግሞ ጀርመኖች አንድ ብልህ ነገር አድርገዋል፤ በመኪናዋ ዘመን የተደረገን ለውጥ እንደ ታሪኳ ክፍል ይቀበላሉ። ለእኛ ይህ ወሳኝ ነው። በደርግ ዘመን መለዋወጫ ሲጠፋ የቤንዚን ሞተሯን አውጥቶ የሌላ መኪና ናፍጣ ሞተር የገጠመላት መካኒክ መኪናዋን አላበላሸም፤ የዘመኑን ችግር በብረት ጽፎባታል። ታሪክ ጸሐፊ ያን ጽሑፍ ማንበብ ይገባዋል። መሪዋ በቀኝ ብትሆንም ቶሎ «ስሕተት» አንበል፤ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነውና፣ መሪዋ ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ሥርዓት ትናገር ይሆናል።

ጊዜው ግን ይቸኩላል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጥሎ ነበር፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። የነዚህን እርምጃዎች ጥቅም አልከራከርም። ውጤቱ ግን በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ብትጠፋ ምትክ የላትም ማለት ነው። ቦሎ የተከለከለች መኪና ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ ዶሮ ይሰፍርባታል፤ ከዚያ ቁርጥራጭ ገዢ ይመጣል። አሉሚንየም ደግሞ ይፈለጋል፤ ቀልጦ ብረት ድስት ይሆናል። ከእናንተ መካከል ወጥ የሚሠራበት ድስት አንድ ጊዜ የላንድሮቨር በር የነበረ ሰው አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ።

ልዩ ታርጋ እስኪመጣ ድረስ ልንሠራው የምንችለው የወረቀት ሥራ ነው። ሊብሬ ውስጥ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የተሠራችበት ዘመንና ባለቤቶቿ በተራ ይገኛሉ። አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ለነጋዴ ሸጧት፣ ነጋዴው ለገበሬ፣ ገበሬው ለልጁ ቢሆን፣ ያ ደብተር የአንድ አካባቢ የኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ሕጉ ሲጻፍ «የትኛዋ መኪና?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መልሱ በእጃችን መኖር አለበት።

ስለዚህ አባቶች፣ እናቶች፤ በሣጥናችሁ የቆየ ሊብሬ፣ የቦሎ ወረቀት፣ መኪና አጠገብ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ቢኖራችሁ ተማሪዎቻችን በዚህ ክረምት ቤታችሁ ድረስ መጥተው በፊታችሁ ፎቶ አንሥተው ዋናውን ወዲያው ይመልሱላችኋል። ስማቸውን በመግቢያው በር ላይ በተቀመጠው መዝገብ ታገኙታላችሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ መጀመሪያ ዕድሉን ላንድሮቨር ነድተው ለሚያውቁ አባት ልስጥ።