ተማሪ እንግዳ ሲመጣ፦ ከዘመቻው እስከ ዘንድሮው ክረምት



ለዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ ይቀርባል። ዩኒቨርሲቲ ለክረምት ሲዘጋ ዕድራችን ሁለት ሦስት የሕግ ተማሪዎችን ተቀብሎ ያሳድር፤ እነሱም ለአባላት ማመልከቻ ይጻፉ፣ ቀበሌና ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበትን ሰው ያግዙ፣ ስለ መብቱም ያስረዱ የሚል ነው። አንዳንዶቻችን ደስ ብሎናል። አንዳንዶቻችን ደግሞ «የዕድር ገንዘብ ለቀብር እንጂ ለተማሪ ቀለብ ተዋጣ እንዴ?» ብለናል። ከመወሰናችን በፊት ግን ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ብናስታውስ ይሻላል ብለን ይህችን ጽፈናል።

ተማሪን ወገኑን እንዲያገለግል ወደ ገጠር መላክ በደንብ የተጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ደነገገ። አብዛኞቹ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆኑ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። ስለ ገበሬው መናገር የጀመሩት ገና ብዙዎቹ ገበሬ ቤት ሳያድሩ ነው ማለት ነው።

ትልቁ ግን የእድገት በኅብረት ዘመቻ ነው። ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋ አባል ሁሉ ያስታውሰዋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተከፈተና ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪና አስተማሪ ተጨምሮበት፣ 60,000 ያህል ሰው ካኪ ለብሶ በየአውራጃው ተበተነ። ፊደል ሊያስቆጥር፣ መጸዳጃ ሊያስቆፍር፣ ስለ ጤና ሊያስተምር ነበር የመጣው። ሁለት ወር ከምናምን እንደቆየ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲያ ዘማቹ የአዋጁ አስረጂ፣ የገበሬ ማኅበር አደራጅ፣ የጭሰኛው ጠበቃ ሆነ። አንድ ማኅበር በ20 ጋሻ፣ ማለት በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ነበር ትእዛዙ። በደቡቡ አገር፣ ጭሰኛው የሌላውን መሬት ሲያርስ በኖረበት፣ ዘማቹ እንደ ወንድም ታየ፤ ለጭሰኛው ሲከራከር ከባለመሬትና ከፖሊስ ጋር ተጋጭቶ የሞተም ልጅ አለ።

ወደኛ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። መንዝና ግሼ የርስት አገር ነው። ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልዱን ቆጥሮ ከአቅኚው አባት ሲደርስ ነው። ጭሰኛ ጭራሽ አልነበረም አይባልም፤ ግን የአገሩ ሙግት በጌታና በጭሰኛ መካከል ሳይሆን በአጎትና በወንድም ልጅ መካከል ነበር። መቼም ይህን የከተማ ልጅ ከየት ያውቀዋል? አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች እንኳ ልዩነቱን ዐውቀው ለርስት አገር የተለየ ነገር ጽፈዋል፤ ገበሬው በጊዜው የሚያርሰውን መሬት ይዞ ይቀጥል ተባለ። ይህ ሲሆን ትውልድ ቆጥሮ መጠየቅ ቀረ። ከተማ ገብቶ የቀረውና ርስቱን ለዘመድ ትቶ የሄደው ሁሉ እጁ ባዶ ሆነ፤ ከአባሎቻችን ቤት ይህ ያልደረሰበት ጥቂት ነው። በዚያው ሰሞን መስፍን ብሩና መርዕድ ብሩ የተባሉት ወንድማማቾች በመንዝ ሸፍተው ነበርና ልጆቹን ያሳደረ ሰው በሁለት በኩል ይፈራ ነበር።

ስለ ጓሳ ሳናነሣ አናልፍም። የአስቦና የጌራ ልጆች ያንን ሣር እንደ አጽመ ርስት ይዘው፣ ለተከታታይ ዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፍቱት ነበር። ቤታችንን የከደንነው በዚያ ነው። መሬቱ ለገበሬ ማኅበር ሲሆን የአባቶች አጠባበቅ ፈረሰና ሁሉም ገባበት፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ነው የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ያቆመው። ይህን በዘማቾቹ ላይ አናላክክም፤ አዋጁን እነሱ አላወጡትም። ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ መኖሩን ማን ጠየቀ? አንድ አባት «ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ቆሏችንን በልተው ቋንቋችንን ሳይሰሙ ሄዱ እንጂ» ሲሉ ሰምተናል። ቋንቋው ያው አማርኛ ነበር እኮ!

ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. አበቃ። ከመንግሥት ጋር ተቃቅረው ቀድመው ጥለው የሄዱም ብዙ ነበሩ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተሻለ ትዝታ አለው፤ ስሙን መፈረም የቻለ ሽማግሌ ዛሬም ይመሰክራል።

የዛሬው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። የሕግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በፍርድ ቤት ወይም በአንድ ድርጅት ተመድቦ ሥራ እንዲለማመድ ትምህርቱ ራሱ ያዘዋል። በ1987 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመው እንደ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉ ድርጅቶች አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ምክር ሰጥተዋል። ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር ስለ መብት እንዳይሠራ ከለከለ፤ ብዙዎቹም ተዳከሙ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ክልከላው ተነሣ። እኛ ደግሞ ከውጭ አምስት ሳንቲም አናገኝም፤ ያለን መዋጮ ነው።

ስለዚህ ሐሳቡን ደግፈናል፤ ግን ሥራውን እኛ እንስጣቸው። ባሏ የሞተባት አባላችን አረንጓዴውን የመሬት ደብተር ከባሏ ወንድም እጅ ማስመለስ አቅቷት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ዕድሩ ቀብሩን በክብር ፈጸመ፣ ድንኳን ተከለ፣ ሠልስቱን አስተዛዘነ፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ቀረች። ተማሪው ሲመጣ ስለ ሴቶች መብት በአዳራሽ ከመናገሩ በፊት ከእሷ ቤት ቡና ይጠጣ፣ ነገሩን ከሥሩ ይስማ፣ ሽምግልናው የት ላይ እንደ ተሰናከለ ይጠይቅ። ማመልከቻውን ከዚያ በኋላ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ከዕድሩ ዳኛና ከሽማግሌዎች ጋር እየዞረ እንዲያዳምጥ በቃለ ጉባኤው ይግባልን።

መንገዱ ሰላም ከሆነና ልጆቹ መድረስ ከቻሉ፣ የማደሪያው ነገር አያስቸግርም። ድንኳኑና ወንበሩ የሚቀመጥበት ክፍል ዕቃው ወደ አንድ ጥግ ሰብሰብ ቢል ሁለት አልጋ ይይዛል። የሐምሌን የመንዝ ብርድ ታውቁታላችሁና ባና ከየቤቱ ይዋጣ።