የፈረስ ስም፣ የበቅሎ መንገድ

አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ሁሉም የፈረስ ስም ነው። በበቅሎው ስም የተጠራ ንጉሥ ወይም መኳንንት ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ሩቅ አገር ሲሄዱ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነበር። ፈረስ ለጦርነት፣ ለጉግስና ለሰልፍ ነው። መንገድ ሲሆን ጌታው በቅሎው ላይ ይወጣል፤ ፈረሱን አሽከር ልጓሙን ይዞ ባዶውን ከጎን ይስበዋል። የጦርነቱ ቦታ ሲቃረብ ጌታው ከበቅሎ ወርዶ ፈረሱ ላይ ይወጣል። ክብሩን ፈረስ ወሰደ፤ መንገዱን የጨረሰችው ግን በቅሎ ናት።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሞተር ሳይክል ልጽፍ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ የሚኖር የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆየ። ሥራው ሶላር መግጠምና መጠገን ነው። ደንበኞቹ ከወልቂጤ እስከ ጅማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባሉ ቀበሌዎች ተበታትነዋል። በአውቶቡስ ወልቂጤ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወይ በሰው ሞተር ተፈናጦ ነው፣ ወይ በእግሩ። ስለዚህ የራሱን ሞተር መግዛት ፈለገ። አንድ እሁድ ስልኩን አውጥቶ ሦስት ሥዕል አሳየኝና “ጋሼ፣ ለረጅም መንገድ የቱ ይሻላል?” አለኝ።

አንደኛው ሰፊ ወንበር፣ ትልቅ መስታወትና በግራ በቀኝ ሻንጣ ያለው ግዙፍ ነው። ሁለተኛው ቁመተ ረጅም፣ አፍንጫው እንደ አሞራ ምንቃር የሾለ፣ ጎማው ቡጭቅጭቅ ያለ፣ በረሃ የሚሻገር የሚመስል። ሦስተኛው ከኋላው የብረት መጫኛ ያለው ተራ የሥራ ሞተር። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ታሪክ ወዳድ ነኝ። መልሱን የፈለግሁትም እዚያው ነው። አንድ ነገር ገባኝ፦ የሞተርን ዓይነት የሚመርጠው ነጂው ብቻ አይደለም፤ መንገዱም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 የሞቶ ጉዚ ፋብሪካ መሥራች የካርሎ ጉዚ ወንድም ጁሴፔ ጉዚ ከሰሜን ኢጣሊያ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ኖርዌይ ድረስ በ500 ሲሲ ሞተር ተጓዘ። በዚያን ዘመን የአብዛኛው ሞተር የኋላ እግር ሞላ አልነበረውም፤ ጉድጓዱን የሚቀበለው የነጂው ወገብ ነው። ወንድማማቾቹ ለኋላው ሞላ ሠሩለት። ብዙ ሰው “ይኼ ሚዛን ያስታል” ሲል ጁሴፔ በአውሮፓ ኮረኮንች ሄዶ፣ በደህና ተመልሶ አሳየ። ስሙንም ጂቲ አሉት፤ ግራን ቱሪዝሞ፣ ታላቅ ጉዞ ማለት ነው። ለረጅም መንገድ ታስቦ የተሠራ ሞተር ታሪክ ሲነገር ይህ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይቆማል።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከዚያው ከጂቲ ዘር ለጦር የሚሆነው ጂቲ 17 ተወለደ፤ በ1930ዎቹ የኢጣሊያ ሠራዊት ከያዛቸው ሞተሮች አንዱ ሆነ። ለጉዞ የተፈለሰፈው ነገር ለወረራ ዋለ። ወራሪው ጦር በ1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው በመኪና ሰልፍ ነው። ጣርማ በር ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ሞተር ቆመ። የኢትዮጵያ ወታደሮች መንገዱን አፍርሰውት ስለነበር፣ እስኪጠገን መጠበቅ ግድ ሆነ። ጭቃው ላይ መኪናውን በትከሻው የገፋው ወታደሩ ነው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ አንድ ነገር ሳያውቁ አልቀሩም፤ በዚህ አገር ከሞተሩ በፊት መንገዱ ይቀድማል። በአምስቱ ዓመት ብዙ መንገድ ጠረጉ፤ ከኮልፌ በኩል ወጥቶ ወደ ጅማ የሚወስደውም አንዱ ነው።

ሰዎቹ ሄዱ፣ ቃላቸው ቀረ። ዛሬም ኮልፌ ውስጥ ማንኛውም ጋራዥ ግቡና አድምጡ፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ሞላ። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው። ያልተነጠፈው መንገድ ደግሞ ፒስታ ይባላል። ፒስታ የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ የእህቴ ልጅ ጥያቄ የሚፈታው እሱ ላይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጉዞ ሞተር እንደ ወንዝ ተከፋፈለ። አሜሪካ ሰፊና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ነበራት፤ ስለዚህ ሞተሯ ሶፋ ሆነ። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ኤሌክትራ ግላይድን አወጣ፤ “ኤሌክትራ” የተባለው በእግር መርገጥ ቀርቶ በኤሌክትሪክ ስለሚነሣ ነው። ሆንዳ አሥር ዓመት ቆይቶ ጎልድ ዊንግን አመጣ፤ 999 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር። ይኸው ሞተር እያደገ ሄዶ በኋለኞቹ ዘመናት ወደ 400 ኪሎ ተጠጋ። አውሮፓ ደግሞ መንገዷ ጥሩ ሆኖ ጠመዝማዛ ነው፤ ነጂውም ይቸኩላል። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1976 በንፋስ መፈተኛ ዋሻ የተቀረጸ ሙሉ መከለያ ያለውን አር 100 አርኤስ ሠራ። ይህ ለፈጣን ጉዞ ነው፤ ነጂው ትንሽ ጎንበስ ይላል፣ ንፋሱ በላዩ ያልፋል።

ሦስተኛው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1980 ተወለደ፤ አር 80 ጂ/ኤስ። ሁለቱ ፊደላት በጀርመንኛ “ሜዳና መንገድ” የሚሉ ቃላት መነሻ ናቸው። አስፋልት ላይም ይሄዳል፣ አስፋልት ሲያልቅም አይቆምም። በማግስቱ ዓመት ኡቤር ኦሪዮል በቢኤምደብልዩ የፓሪስ ዳካርን ውድድር አሸነፈና ዓለም ሁሉ ያንን ቁመና ወደደው። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ያለው ባለ ምንቃሩ ሞተር የልጅ ልጁ ነው።

እንግዲህ ሦስቱም ለሦስት ዓይነት መንገድ የተሰጡ መልሶች ናቸው። የእኛ መንገድ የቱ ነበር? በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በመላው ኢትዮጵያ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ አስፋልቱ 3,708 ብቻ። ከሰባት ኪሎ ሜትር አንዷ አስፋልት፣ ስድስቱ ፒስታና የገጠር መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ጠቅላላ ርዝመቱ ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከተጨመረው ብዙው ወረዳን ከቀበሌ የሚያገናኝ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ የሚሆን መንገድ ነው። ጎልድ ዊንግ በዚያ ላይ ምን ይሠራል? ሶፋ ወንዝ ውስጥ እንደማስገባት ነው።

“ታዲያ ባለ ምንቃሩ ነዋ!” አለ ልጁ፤ ዓይኑ ቀድሞውንም እሱ ላይ ነበር። አልፈርድበትም። በ2007 እ.ኤ.አ. የፊልም ተዋናዩ ኢዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ሲጓዙ በኢትዮጵያ ያለፉት በዚሁ ዓይነት ሞተር ነው፤ ቢኤምደብልዩ አር 1200 ጂኤስ አድቬንቸር። 33 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ ክብደቱ ከ250 ኪሎ በላይ ነው። ግን እነሱ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከኋላቸው ዕቃ የጫኑ መኪኖችና የፊልም ሠራተኞች ይከተሉ ነበር። ሞተሩ ቢወድቅ የሚያነሣ ሰው አለ።

እኔ ልጁን ወደ ሌላ ሰው መራሁት። ቴድ ሳይመን የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓለምን ሊዞር ተነሣ፤ አራት ዓመት ፈጀበት። ኢትዮጵያን ያቋረጠው በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። ሞተሩ ትራያምፍ ነበር፤ 500 ሲሲ፣ ምንቃር የሌለው፣ ተራ የመንገድ ሞተር። ሲበላሽ ራሱ ፈታ፤ ያቃተውን በየከተማው ያገኘው መካኒክ ጠገነለት። ለእሱ የሠራው ዝናው ሳይሆን የሞተሩ ቀላልነት ነው።

ከውጭ ሰዎቹ ይልቅ ግን ማስታወስ የሚገባን የራሳችንን ተጓዦች ነው። የግብርና ሠራተኛው፣ ከብት የሚከትበው፣ የወባ ሠራተኛው፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሩ ለዓመታት በሞተር አገር አቋርጠዋል፤ “ተጓዥ” ያላቸው ግን የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በአፍሪካ ገጠር ከታወቁት አንዱ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። “ኤጂ” ግብርና ማለት ነው። ሰንሰለቱ ጭቃና አቧራ እንዳይገባበት በሽፋን ታሽጓል። ከፊትም ከኋላም መጫኛ አለው። መሬቱ ዘቅዛቃ ሲሆን እንዲመች ማቆሚያ እግሩ በሁለቱም ጎን ነው። ማን ይህን የጉዞ ሞተር አይደለም ይላል? የሚያስጌጥ ነገር አልተደረገለትም እንጂ የታሰበው ሁሉ ለመንገድ ነው። በቅሎ ይኼ ነው።

አንድ ተረት አለን፦ በቅሎን “አባትሽ ማን ነው?” ቢሏት “ፈረስ አጎቴ ነው” አለች። ገበያው ውስጥ ያለው ብዙው ባለ ምንቃር ሞተር እንዲህ ነው። ውስጡ የ150 ወይም የ200 ሲሲ የሥራ ሞተር ነው፤ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ተደርቦበት፣ ሻንጣ የሚመስል ነገር ተሰቅሎለት ፈረስን አጎቴ ይላል። ዋጋው የሚጨምረው ለአጎትየው ነው። ፕላስቲኩ ሲሰበር ወልቂጤ ላይ አይገኝም። የባጃጅ ቦክሰር ወይም የቲቪኤስ ካንዴላ ግን ትንሽ ከተማ ውስጥም አይጠፋም።

መንገዱንም አብረን ቆጠርነው። ከአየር ጤና ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ። ወሊሶ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወልቂጤ 155፣ ጅማ 350። እስከ ወልቂጤ ድረስ አስፋልት፣ ከብት፣ አይሱዙና ጋሪ ነው። ቀጥሎ መንገዱ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ ከ2,400 ሜትር ተነሥተህ ወደ 1,100 ሜትር። ሞተር አየር ይበላል። በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፤ ለደጋ የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ በረሃ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል። ቀላል ሞተር ከሆነ ይህን በመፍቻና በጠመንጃ መፍቻ ታስተካክለዋለህ። “አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ” አልኩት። “ከነጭነቱ ጭቃ ላይ ቢወድቅ፣ ሰው በሌለበት፣ ብቻህን ታነሣዋለህ?”

ዝም አለ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረ። “ጋሼ፣ እኔ እኮ አምሮብኝ ብቻ አይደለም። በተራ ሞተር ስትመጣ ሰው ሌባ ነው ብሎ ያይሃል።”

እውነቱን ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ተከልክሏል። በጊዜው በኢንጂነር ታከለ ኡማ ይመራ የነበረው የከተማው አስተዳደር የሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። ቦርሳ የተነጠቀ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነው፤ ምክንያቱ ከመሬት አልተነሣም። ግን በአንድ ቀን ሞተረኛ የሚለው ቃል ትርጉሙ ተቀየረ። ልጁም የገዛውን ሞተር አየር ጤና አያሳድረውም፤ ሰበታ ጓደኛው ግቢ ሊያቆመው ነው ያሰበው። በታክሲ እስከዚያ ሄዶ፣ ከከተማው ወሰን ውጭ መንገደኛ ይሆናል። እናቱ፣ እህቴ፣ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለባት፤ “ሞተር ሬሳ ሣጥን ነው” ትላለች። ለእሷ ያለኝ መልስ አንድ ነው፦ ቀላል ሞተር፣ ጥሩ ሄልሜት፣ ማታ አለመንዳት።

ምንቃሩ ክብር ይገዛልኛል ብሎ ማሰቡን ግን በታሪክ ነው የምመልሰው። መኳንንቱ የፈረሱን ስም የወሰዱት ስለሚያስፈራና ስለሚያምር ነው። ደጋውን ወጥተው ቆላውን ወርደው ካሰቡበት የደረሱት ግን በበቅሎ እግር ነው። በቅሎ ሦስተኛው መንገድ ናት፤ ቁመቷን ከፈረስ፣ እግሯንና ትዕግሥቷን ከአህያ ወርሳለች። ገደል ጫፍ ላይ እንዳትስት ያደረጋት ያ የምትደብቀው አባቷ ነው።

የእህቴ ልጅ ሦስተኛውን ሥዕል መረጠ፤ ባለ መጫኛውን የሥራ ሞተር። በተረፈው ገንዘብ ሄልሜት፣ ትርፍ ካላማዳሪና ፓምፕ ገዛ፤ ለሶላሩም የብረት መያዣ አስበየደ። ከወልቂጤ በላይ ያለች አንዲት እናት መብራቷ ከተበላሸ ወር ሆኗታል። በምን ዓይነት ሞተር እንደመጣ አትጠይቀውም። የምትጠይቀው መቼ እንደሚደርስ ነው።