የሳነቴ ፍልፈልና የፈጣሪ ህላዌ

ከሲናና የስንዴ ሜዳ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ የወጣ ሰው ከባሌ በቀር የማይገኘውን ታላቁን ፍልፈል ያያል፤ ዓይኖቹ ወደ አናቱ ቀርበው ስለ ተተከሉ ገላውን በጉድጓድ ሰውሮ ቀይ ቀበሮን ይቃኛል።

ፔሊ የተባለ የእንግሊዝ ካህን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1802 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ስንዱ ፍጥረት ለጠቢብ ሠሪ ምስክር አደረገ፤ ዳርዊን ግን በ1859 ለኑሮው የተስማማው ተርፎ ስለ ወለደ ነው አለ። ቀበሮውም ፍልፈሉን ለመያዝ የተሰናዳ ነውና፥ ሠሪው ለማን አደላ ለሚል ጠያቂ ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም።

የግእዙ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ (ደራሲነቱ ገና ሊቃውንትን ቢያከራክርም) ከዓይን አልተነሣም፤ ወላጆቼን ማን ወለደ፥ የፊተኞቹንስ ማን ፈጠረ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ዳርዊን ይህን ሐረግ አስረዘመ እንጂ ጫፉን አልነካም፤ በ1860 በወጣው እትም መጨረሻ የፈጣሪን ስም ቢጨምርም፥ ኋላ በመጨመሩ እንደ ተጸጸተ ለወዳጁ ጻፈ።