የእርሳስ ዓመታት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1969 ዓርብ ነበር። በሚላኖ ከተማ ፒያሳ ፎንታና በሚባለው ስፍራ (ፒያሳ አደባባይ ማለት መሆኑን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው) የሚገኘው የእርሻ ባንክ፣ ሌሎች ባንኮች በራቸውን ከዘጉ በኋላም ክፍት ነበር። ዓርብ ከየገጠሩ የመጡ ገበሬዎችና የከብት ነጋዴዎች ሒሳባቸውን የሚተሳሰቡበት ቀን ነውና። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ሲሆን በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ቦምብ ፈነዳ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ 88 ቆሰሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖሊስ ወዲያው አናርኪስቶችን ማደን ጀመረ። ከተያዙት አንዱ ጁሴፔ ፒኔሊ የሚባል የባቡር ሠራተኛና የሁለት ልጆች አባት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲመረመር ቆይቶ፣ በዲሴምበር 15 ሌሊት ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ አራተኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ። «ራሱን ገደለ» ተባለ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጉዳዩን የመረመረው ዳኛ ደግሞ ራሱንም አልገደለም፣ ሰውም አልገደለውም፤ ድንገት ሕመም አዙሮት ነው የወደቀ ሲል ወሰነ። ቦምቡን አስቀምጧል የተባለው ሌላው አናርኪስት፣ ዳንሰኛው ፒዬትሮ ቫልፕሬዳ፣ ሦስት ዓመት ታስሮ ከቆየ በኋላ ነው ደጅ የወጣው፤ በመጨረሻም ነጻ ተባለ።

ታዲያ ቦምቡን ያፈነዳው ማን ነበር? የኢጣሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መልሱን የሰጠው በ2005 ነው፤ ያውም መልስ ከተባለ። ጥፋቱ ኦርዲኔ ኑዎቮ (አዲሱ ሥርዓት) የተባለው የፋሺስት ቡድን አባላት የነበሩት የፍሬዳና የቬንቱራ ነው አለ። ነገር ግን ሁለቱም በዚሁ ጉዳይ ቀደም ሲል በነጻ ስለተለቀቁ ዳግመኛ ሊከሰሱ አይችሉም። ተጠርጣሪዎችን ወደ ውጭ አገር በማሸሽ የተፈረደባቸው የአገሪቱ የስለላ ድርጅት መኮንኖች መሆናቸው ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይመራል። ኢጣሊያኖች ይህን «የውጥረት ስልት» ይሉታል። ሕዝቡን አስደንግጥ፤ ጥፋቱን በግራዎቹ ላይ ላክክ፤ ሕዝቡ ራሱ «ጠንካራ ክንድ ይምጣልን» ብሎ እስኪለምን ጠብቅ።

የፈሩት ነገር ነበራቸው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢጣሊያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከገበሬ አገርነት ወደ ፋብሪካ አገርነት ተለውጣለች። ከድሀው ደቡብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ሻንጣውን በገመድ አስሮ ወደ ቶሪኖና ወደ ሚላኖ ተሰደደ። እዚያ ሲደርስ የጠበቀው «ለደቡብ ሰው አናከራይም» የሚል የበር ላይ ማስታወቂያ ነበር። በ1969 መከር፣ «ትኩሱ መከር» በተባለው ወራት፣ ይህ ወጣት በየፋብሪካው የሥራ ማቆም አድማ መታ። ደመወዝ ተጨመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይም ፓርላማው የሠራተኞችን መብት የሚያስከብር ሕግ አወጣ።

የኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ የሚያውቀው ስም ያገኛል። ከጦርነቱ በኋላ የሙሶሊኒ ሰዎች በቅጡ አልተጠረጉም ነበር። ሮዶልፎ ግራዚያኒ በ1950 የ19 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስላበረ እንጂ በአዲስ አበባና በደብረ ሊባኖስ ስላፈሰሰው ደም አይደለም። እሱም ቢሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈቶ፣ በ1953 የአዲሶቹ ፋሺስቶች ፓርቲ የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ። ኦርዲኔ ኑዎቮ የተገነጠለው ከዚሁ ፓርቲ ነው። ፒኔሊ በሞተበት ሌሊት የሚላኖ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ማርቼሎ ጉዊዳም በሙሶሊኒ ዘመን ፀረ ፋሺስቶች የሚጋዙባት የቬንቶቴኔ ደሴት ግዞት ኃላፊ ነበር። በዚያች ደሴት ከተጋዙት አንዱ፣ ኋላ የሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት የሆነው ሳንድሮ ፔርቲኒ፣ ከቦምቡ በኋላ ሚላኖ ሲመጣ የጉዊዳን እጅ አልጨብጥም አለ ይባላል።

የግራዎቹ ጠመንጃ የተነሣው በዚህ ቁጣ ላይ ነው። በ1970 የተመሠረተው የቀይ ብርጌዶች ድርጅት አባቶቻችን ከ1943 እስከ 1945 ከፋሺስቶች ጋር የጀመሩትን ጦርነት እንጨርሳለን አለ። መጀመሪያ የፋብሪካ አለቆችን መኪና ያቃጥሉ ነበር፤ ከዚያ ሰው ማገት፣ ከዚያ ጉልበትን በጥይት መምታት፣ ከዚያም መግደል። ሌሎችም አልዘገዩም። ፒኔሊን ገደለ እየተባለ በግራ ጋዜጦች ለዓመታት የተብጠለጠለው የፖሊስ መኮንን ሉዊጂ ካላብሬዚ በሜይ 1972 ከቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። ሚስቱ ሦስተኛ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። ያ የፒኔሊን ጉዳይ የመረመረው ዳኛ በ1975 በሰጠው ውሳኔ፣ ፒኔሊ ሲወድቅ ካላብሬዚ ከነጭራሹ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም ብሏል።

ማርች 16 ቀን 1978 ጧት የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ፓርቲ ፕሬዚዳንት አልዶ ሞሮ ወደ ፓርላማ በመጓዝ ላይ ነበር። ሞሮ ከ30 ዓመት በላይ በተቃዋሚነት የቆየውን የኮሚኒስት ፓርቲ ከመንግሥት ጋር ለማቀራረብ የደከመ ሰው ነው፤ በኮሚኒስቶቹ የሚደገፈው አዲሱ የአንድሬዮቲ መንግሥትም በዚያው ቀን የፓርላማውን አመኔታ ሊጠይቅ ቀርቧል። ቪያ ፋኒ በተባለው መንገድ ላይ ቀይ ብርጌዶች አድፍጠው አምስቱን ጠባቂዎቹን ገደሉና እሱን ይዘውት ሄዱ።

55 ቀን አገቱት። ሞሮ ከታገተበት ሆኖ ለሚስቱ፣ ለፓርቲ ጓደኞቹና ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ተደራደሩ፣ አውጡኝ ይላል። ጓደኞቹ «ይህ እኛ የምናውቀው ሞሮ አይደለም» አሉ። ክርስቲያን ዴሞክራቶቹም ኮሚኒስቶቹም አንድ ቃል ሆነው አንደራደርም አሉ። መንግሥት ለጠመንጃ ከተንበረከከ መንግሥት አይደለም የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም ልክ አልነበሩም ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ዕድሜ ልኩን አብሮ የሠራን ሰው፣ በሕይወት ሳለ የጻፈውን የእሱ አይደለም ብሎ መካድ ሌላ ነገር ነው። ሜይ 9 ቀን አስከሬኑ በአንዲት ቀይ ሬኖ መኪና ውስጥ ተገኘ። መኪናዋ የቆመችው ከሁለቱም ፓርቲዎች ዋና ጽሕፈት ቤት ብዙ ሳይርቅ ነበር። ቤተሰቡ በሞሮ ፈቃድ መሠረት ፖለቲከኛ በሌለበት ቀበሩት። መንግሥት ሜይ 13 ቀን በሮማ ባካሄደው ታላቅ ጸሎተ ፍትሐት ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ተገኝተዋል፤ ሹማምንቱ ሁሉ ተገኝተዋል፤ አስከሬኑ ግን አልነበረም።

እኔን ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመኝ ያ ቀን ነው። የሬሳ ሣጥን የሌለበት ፍትሐት በተደረገበት በዚያው ሜይ 13፣ ኢጣሊያ የአእምሮ ሕሙማን እንደ እስረኛ የሚዘጋባቸውን ሆስፒታሎች ለማስቀረት ያስቻለውን ሕግ አወጣች። ለዚህ ለዓመታት የታገለው ሐኪሙ ፍራንኮ ባዛሊያ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጽንስ ማስወረድን የሚፈቅደው ሕግ ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ሕክምና ለዜጋ ሁሉ የሚዳረስበት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተቋቋመ። ከዚያ በፊትም በ1974 ቤተ ክርስቲያን የተቃወመችው የፍቺ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ ከመቶ 59 የሚሆነው መራጭ ይጽና ብሎ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በብሬሺያ አደባባይ የሠራተኛ ማኅበራት በጠሩት ሰልፍ ላይ የፋሺስቶች ቦምብ 8 ሰው ገደለ።

ጠለፋም አንዱ ነው። ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት የሲሲሊ ልጃገረድ በ1965 ተጠልፋ ተደፈረች። በአገሩ ሕግ ጠላፊው ካገባት ወንጀሉ ይሰረዝለታል። እሷ አላገባም አለች፤ አባቷም ከጎኗ ቆመ፤ ጠላፊው ታሠረ። ያ የሕግ አንቀጽ የተሰረዘው በ1981 ነው። እኛም ብንሆን በ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ይኸው ቀዳዳ ነበረብን፤ የተደፈነውም በ2005 ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው ድምፅ መስጫ ሣጥን፣ የሴቶች ማኅበርና የፓርላማ ንትርክ ነው። ወዛደሩን ነጻ እናወጣለን ያሉት ታጣቂዎች ለወዛደሩ አንዲት የሕግ መስመር አላስገኙለትም።

ይልቁንም በጃንዋሪ 1979 ጉይዶ ሮሳን ገደሉት። ሮሳ በጄኖቫ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የኮሚኒስት ፓርቲና የሠራተኛ ማኅበር አባል ነበር። የቀይ ብርጌዶችን ወረቀት የሚበትን የሥራ ባልደረባውን ጠቁሞ በፍርድ ቤት የመሰከረው እሱ ብቻ ነው። በቀብሩ ዕለት የጄኖቫ ሠራተኛ ነቅሎ ወጣ፤ ፔርቲኒም ከሮማ መጣ። በየፋብሪካው «ከመንግሥትም አይደለንም፣ ከብርጌዶቹም አይደለንም» ይሉ የነበሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻሉም። ብዙ ሳይቆይ የተያዙት ታጣቂዎች ቅጣት እንዲቀልላቸው ጓደኞቻቸውን እያጋለጡ መናዘዝ ጀመሩ፤ ድርጅቱም ተፈረካከሰ።

የፋሺስቶቹ የከፋው ቦምብ የፈነዳው ኦገስት 2 ቀን 1980 በቦሎኛ ባቡር ጣቢያ የሁለተኛ ማዕረግ መንገደኞች ማረፊያ ውስጥ ነው። ለዕረፍት የሚጓዝ ሕዝብ ነበር። 85 ሰዎች አለቁ። የጣቢያው ሰዓት ዛሬም በፍንዳታው ደቂቃ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ከ25 ላይ ቆሞ ይታያል።

ዘመኑን «የእርሳስ ዓመታት» ብለው ጠሩት፤ ጥይት የሚቀለጥበት እርሳስ እንጂ የተማሪው አይደለም። ስሙ የተወሰደው በ1981 በቬኔዚያ ከተሸለመ የጀርመን ፊልም ነው።

ሜይ 9 ቀን 2009፣ የሞሮ አስከሬን በተገኘበት ዕለት፣ ፕሬዚዳንት ጆርጆ ናፖሊታኖ የሽብር ሰለባ ቤተሰቦችን ወደ ቤተ መንግሥት ጠሩ። ከተጠሩት መካከል የፒኔሊ ሚስት ሊቺያና የካላብሬዚ ሚስት ጄማ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ፒኔሊ በሐሰት መጠርጠሩ ሳያንስ በዚያ አሟሟት ሁለት ጊዜ የተበደለ ንጹሕ ሰው መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። በአንድ ከተማ ለ40 ዓመት ያህል የባሎቻቸው ስም አብሮ ሲነሣ የኖሩት ሁለቱ ሴቶች በዚያን ዕለት ተጨባበጡ። ፒኔሊ ከመስኮቱ እንዴት እንደወደቀ ግን ለሊቺያ የነገራት አልነበረም።