ሃይማኖት የለሽ፣ ኢአማኒ እና ዘርዓ ያዕቆብ

ጅቡቲ፣ አምቡሊ ሰፈር፣ ሻይ ይዘን ስንጨዋወት አንድ ወጣት የአገሬ ልጅ «ፈጣሪን መካድ የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ በመርከብ የመጣ» አለኝ። የወደብ ከተማ ሰው ስለ ፍልስፍና ሲያወራም ጭነት ይታየዋል! ንግግሩ ግን ሁለት ቃላትን ያምታታል። «ሃይማኖት የለሽ» በየትኛውም ሃይማኖት ሥርዓት ያልታቀፈ ነው፤ «ኢአማኒ» ደግሞ ፈጣሪ የለም የሚል።

ይህን ማምታታት አውሮፓም ታውቀዋለች። ፈላስፋው ስፒኖዛ እ.ኤ.አ. በ1656 ከአምስተርዳም አይሁድ ማኅበር ተወገዘ፤ በ1670 ባሳተመው መጽሐፉ ምክንያትም አምላክ የለሽ ተባለ። የዋና ሥራው የ«ሥነ ምግባር» የመጀመሪያ ክፍል ግን የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ነው። ፈላስፋው ባሮን ዶልባክ በ1770 «ፈጣሪ የለም» የሚል መጽሐፍ እስኪያሳትም ድረስ ቃሉ በአመዛኙ ስድብ ነበር። ያውም ዶልባክ ስሙን ደብቆ ነው ያሳተመው።

በእኛ በኩል ጉዳዩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የዘርዓ ያዕቆብ «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ነው። ተራኪው አክሱም ውስጥ መጻሕፍት ሲያስተምር «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጾች እንዲህ ይላሉ» ብሎ ያልፋል እንጂ ለማንም አያደላም። ሁለቱም ወገኖች፣ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም፣ ጠሉት። ዘመኑ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ የሆኑበት ነውና ወልደ ዮሐንስ የተባለ ሰው ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ። በዚያ ያነሣው ጥያቄ ስለ ዳኛ ነው፦ ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ አይሁዱም «የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» የሚል ከሆነ፣ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው ሰውም ከአንዱ ወገን ከሆነ፣ ማን ይፍረድ? መልሱ ልቡና ነው። ልቡናው ግን ፈጣሪን አላስካደውም። ወላጆቹን ማን ፈጠረ፣ የእነሱንስ ወላጆች እያለ ወደ ኋላ ተጉዞ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ደረሰ። ከዚያ ምንኩስናን፣ ጾምን፣ ባርነትን ነቀፈ። ጸሎቱን ግን አልተወም።

ስለዚህ «ሐተታ»ን የኢአማኒነት መጽሐፍ ማለት ስህተት ነው። እንደ እኔ ፍርድ የቅርብ ዘመዱ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሄርበርት ዘ ቸርበሪ ስለ እውነት ጽፎ በ1624 ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ እሱም በልቡና ብቻ የሚደረስበትን ሃይማኖት ይፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ የ«ሐተታ» ደራሲ ማን ነው የሚለው ሙግት ይመጣል። «ሐተታ»ን ያገኘነው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካፑቺን ሚስዮናዊ በ1850ዎቹ ለፈረንሳዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ በላካቸው ቅጂዎች ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ። ምሁሩ ክላውድ ሳምነር ግን በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለዘርዓ ያዕቆብ ደራሲነት ተሟገተ። ቀድሞ ይጠራጠሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። ተመራማሪዋ አናኢስ ቪዮን ደግሞ በ2013 የኮንቲ ሮሲኒን ወገን አጠናከረች።

የሐበሻ ሰው እንዲህ አያስብም ብሎ መነሣት ማስረጃ አይሆንም፤ የፍርሃት ወይም የንቀት ቃል ነው። የአገር ኩራትም ማስረጃ አይሆንም። ከጁስቶ እጅ ያልወጣ ቅጂ እስካሁን አልተገኘም፤ የታወቁት ሁለቱ ፓሪስ ውስጥ፣ በዳባዲ ስብስብ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበው ይገኛሉ።