ጋዝን የሚያስሩ ድንጋዮች ታሪክ

ድንጋይ ሲባል ውስጡ የተደፈነ፥ ምንም የማይገባበትና የማይወጣበት ነገር ይመስለናል። ከወልቂጤ ተነሥቶ የጉራጌን ተራሮች በመሻገር ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛም እሳተ ገሞራ የተፋውን ጥቁር ድንጋይ ሲያይ ከዚህ የተለየ አያስብም። ነገር ግን በዓለም ላይ የንብ ቀፎ የመሰለ፥ በዐይን የማይታይ ክፍል ያላቸው ማዕድኖች አሉ። ሰው ይህን እንዴት እንደ ደረሰበት በአውሮፓውያን የዘመን አቈጣጠር እንናገራለን።

በ1756 አክሴል ክሮንስቴት የተባለ የስዊድን ሊቅ አንድ ማዕድን በእሳት ቢያግለው እየተንተከተከ እንፋሎት አወጣ። ስለዚህ በግሪክኛ «የሚፈላ ድንጋይ» ሲል ዜኦላይት ብሎ ሰየመው። እንፋሎቱ በማዕድኑ ክፍሎች ያደረ ውሃ ነበር። የዜኦላይት ክፍሎች በር አላቸውና ውሃም ጋዝም ይገባባቸዋል፥ ይወጣባቸዋልም።

በር የሌላቸውም አሉ። በ1876 ፎን ላዛውልክስ የተባለ ጀርመናዊ ከሲሲሊያ ደሴት የተገኘውን ማዕድን ገለጠ፤ በእሳት ሲግል ስለሚጠቍር ሜላኖፍሎጊት ተባለ። በ1965 አሜሪካዊው ባርክሌይ ካምብ የዚህ ማዕድን አሠራር ጋዝን ከሚያስረው በረዶ አሠራር ጋራ አንድ መሆኑን አስረዳ። ማዕድኑ ሲፈጠር በአካባቢው የነበረው ሚቴን፥ ናይትሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተዘግቶበት ይቀራል። በ2011 ደግሞ የጃፓን ሊቃውንት ከሚቴን በቀር ኢቴንና ፕሮፔን የታሰሩበትን ቺባይት አስታወቁ።

ለሕይወት የጠቀሙት ግን ባለ በሮቹ ናቸው። በ1949 ገደማ አሜሪካዊው ሮበርት ሚልተን ዜኦላይትን በቤተ ሙከራ ሠራ፤ በ1960 ቻርልስ ስካርስትሮም ጋዝን የሚለይበት መሣሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። የምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጂን፥ 21 እጅ ኦክሲጅን ነው። አየሩ ታምቆ በዜኦላይት መካከል ሲያልፍ ናይትሮጂኑ በክፍሎቹ ይያዛል፥ ኦክሲጅኑ ያልፋል። እምቅታው ሲላላ ናይትሮጂኑ ወጥቶ ድንጋዩ ለሌላ ሥራ ይዘጋጃል። ዛሬ በየሆስፒታሉ ለሳንባ ምች ሕሙማን ኦክሲጅን የሚያመርቱ ብዙ መሣሪያዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 የሕክምና ኦክሲጅንን የሚያስፋፋ አገራዊ ዕቅድ አወጣ። ስቲልባይት የተባለው ዜኦላይትም በኢትዮጵያ ይገኛል፤ በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእስፓኝ ተመራማሪዎች የመጠጥ ውሃን ከፍሎራይድ ለማጥራት እንደሚረዳ ጽፈዋል።

እንግዲህ የክሮንስቴት እንፋሎት አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። ዜኦላይት ከናይትሮጂን ይልቅ ውሃን አጥብቆ ይይዛል። የመሣሪያው ማጣሪያ በጊዜው ካልተለወጠና እርጥበት ከገባ፥ ውሃው የናይትሮጂንን ስፍራ ይወስዳል፤ መሣሪያው እየጮኸ ይሠራል፥ የሚሰጠው ኦክሲጅን ግን ይቀንሳል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፥ የመሣሪያ መግዣ በጀት የሚፈርም ሹም የማጣሪያውንና የጠጋኙን ወጪ አብሮ ቢፈርም፥ እስትንፋስ ያጠረውን ሕፃን ረዳ ማለት ነው።