ከኦክላሆማ እስከ ጭሮ ማሳ

ውድ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሁለት አገሮች ውል እንደተወለደ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1952 ኢትዮጵያና አሜሪካ ተስማሙና የኦክላሆማ መምህራን መጥተው የአለማያን እርሻ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ እስከ 1968ም ቆዩ። ሥራው ሦስት ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ ውጤቱን ገበሬው ዘንድ ማድረስ።

እዚያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የሚኤሶ ገበሬ ማሽላውን የሚነጥቀው ያው አቀንጭራ አይደል?

ዛሬ ጭሮም የራሷ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አላት። እንግዲህ ከውጭ ጋር ውል ተፈረመ ሲባል ፎቶውን ላይክ አድርገን አንለፍ። "ለማሽላችን ምን ይዞ መጣ?" ብለን እንጠይቅ።